«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» «ተጫወትን!»

ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ሲል ክፍሉ ይናወጣል። ከአጥር ውጭ ቆሞ ለሚሰማ ወላጅ ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ከፊታቸው ቆሜ የማየው አፋቸውን ነው። የሚያውቁት ቀድመው ይላሉ። ሌሎቹ የጎረቤታቸውን ድምፅ ሰምተው ትንሽ ዘግይተው ይከተላሉ። ከኋላ ደግሞ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አለ። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉንም በዜማ አንድም ሳይስት የሚወጣ ልጅ፣ ከመሀል አውጥቼ «ቡ የቷ ናት?» ስለው ዝም ሊለኝ ይችላል። የያዘው ዜማውን ነው።

የጋራ ንባብ ይቅር አልልም። እኔም በእሱ ነው ያደግሁት፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት እናዜማለን። ችግሩ ያልገባውን ልጅ መሸሸጉ ነው። ጨዋታ ያንን ልጅ ያወጣልኛል፣ ያውም ሳያሳፍረው። እንግዲህ ጨዋታ ስል ትምህርት ሲሰለች የሚገባ እረፍት ማለቴ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ ምን ላይ እንደደረሰ የማይበት ዋናው የሥራ ሰዓቴ እሱ ነው።

የማስተምረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ «ኦ» ክፍልን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካሰባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው አንደኛ ክፍል ከመግባት በፊት ያለው አንድ ዓመት ነው። የልጆቼ ወላጆች ባጃጅ ይነዳሉ፣ አሣ ያጠምዳሉ፣ ጉልት ይቸረችራሉ፣ ግንባታ ላይ ይውላሉ። የመጫወቻ ዕቃ ከሱቅ የሚገዛልን የለም። ያለን ቆርኪ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ጠጠር፣ ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና አንድ ትልቅ ሳፋ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወላጆችን ማሳመኑ ግን ጊዜ ይወስዳል። ልጅ ሲወስዱ መጀመሪያ የሚገልጡት ደብተር ነው። «ቲቸርዬ፣ እንዲያው ምን እያደረጋችሁ ነው የምትውሉት? ደብተሯ ባዶ ነው እኮ» ያለችኝ እናት አለች። ልጇን ስትጠይቃት «ተጫወትን» ነው የምትላት። እኔም «እናቷ፣ ነገ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ካለሽ ገብተሽ እይ» አልኳት። መጣች። ከዳር ተቀምጣ አየች፣ ቆይታም ነጠላዋን አጣፍታ ክቡ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ደብተር አልጠየቀችኝም፤ ከሠፈሯ ግሮሰሪ ቆርኪ እያጠራቀመች የምትልክልን እሷ ናት።

ስለ ቆርኪው ትንሽ ልበል፣ የሚሞክር መምህር ይጠቅመዋልና። በሳሙና አጥቡት። የተጣመመና ጠርዙ የሾለ ከሆነ ጣሉት፣ ጣት ይቆርጣል። ከውስጡ በማርከር የጻፉበት ፊደል በሳምንቱ ይለቃል፤ በጥፍር ቀለም የተጻፈ ግን ይሰነብታል። አፉ ውስጥ ሁሉን ነገር የሚከት ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለበት ቤት ቆርኪ አይሂድ።

በቆርኪ ከምንጫወታቸው ሁሉ የምወደው «መሐረቤን ያያችሁ» ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ መሐረብ ይዞ ይዞራል፣ «መሐረቤን ያያችሁ?» ሲል «አላየንም!» ይሉታል፣ ቀስ ብሎ ከአንዱ ጀርባ ይጥለዋል። እኛ መሐረቡ ጫፍ ላይ ፊደል የተጻፈበት ቆርኪ እንቋጥራለን። ከጀርባዋ ያገኘችው ልጅ ፈትታ ታነባለች፣ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃልም ትሰጣለች። «ጣ» ከደረሳት «ጣና» ወይም «ጣት»። ካላወቀች ከክቡ የፈለገችውን ልጅ ጠርታ ታስነግራለች፣ ራሷም ደግማ ትላለች፣ ከዚያ ዙሩ የእሷ ነው።

እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። የተሳሳተ ልጅ ከጨዋታ አይወጣም። «ውጣ፣ ተሸንፈሃል» የሚል ጨዋታ ክፍል ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ ጎበዙ እስከ መጨረሻ ይቆይና የሚያውቀውን አሥር ጊዜ ይደግማል፣ ያላወቀው ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ደጅ ለውድድር ሲጫወቱ ይሁን። ክፍል ውስጥ ግን የጨዋታው ሕግ የተሳሳተውን መልሶ የሚያስገባ መሆን አለበት፣ እንዲያውም ሁለት ዙር የሚሰጠው።

ወደ ሳፋው ልምጣ። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሳይበረታ ከሾላው ጥላ ሥር ሳፋውን ግማሽ ድረስ ውሃ እንሞላለን። መሬቱ ላይ በኖራ ሁለት ትልልቅ ክቦች አሰምራለሁ፤ አንዱ «ይሰምጣል»፣ ሌላው «ይንሳፈፋል»። አንድ ዕቃ አነሣለሁ፣ እነሱ ሮጠው የመሰላቸው ክብ ውስጥ ይቆማሉ። እጅ ማውጣት የለም፣ በእግር ነው መልሱ። ጓደኛቸውን ተከትለው የሚሮጡ አሉ፤ ምንም አይደለም፣ ሦስተኛው ዕቃ ላይ በራሳቸው መወሰን ይጀምራሉ።

ድንጋይ ሰመጠ፣ ሁሉም አውቀውት ነበር። ብርቱካን ተንሳፈፈ። ከዚያ ያንኑ ብርቱካን ልጬ ስጥለው ወደ ታች ሲወርድ የተነሣው ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህርትን አስወጥቷታል። ልጣጩ ውስጥ ብዙ አየር አለ፣ ተንሳፋፊ የሚያደርገው እሱ ነው። ቆርኪውም እንዲሁ ነው፦ አፉን ወደ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ካስቀመጡት ይቆማል፣ ዘንበል ብሎ ውሃ ከገባበት ይሰምጣል። ይህን ለማየት ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚጎነበሱት።

ደንገል ያነሣሁ ቀን የሆነውን ግን አልረሳውም። ሁሉም ወደ «ይንሳፈፋል» ሮጡ፤ አንድ ልጅ ብቻ ከሁለቱ ክቦች መሀል ቆመ። አባቱ ታንኳ ይሠራል። በጋራ ንባብ ጊዜ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

«አንተስ የኔ ጌታ፣ የት ነህ?»

«ዛሬ ይንሳፈፋል» አለ። «ኋላ ግን ይጠግባል። አባቴ አውጥቶ ያሰጣዋል።»

ልክ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ፣ አየር የያዘ ነው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃው የአየሩን ቦታ እየወሰደ ይሄዳል። ጣና ላይ ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ የሚደርቀው ለዚህ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ይህን ስድሳ ልጅ ፊት የተናገረው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ማንም ሳያስጠናው። ትምህርቱ በዚያው ተቀየረ። እኩል የተቆረጡ ደንገሎች ወስደን አንዱን እስር ሳፋው ውስጥ አሳደርነው፣ ሌላውን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ከቀናት በኋላ ሁለቱንም ውሃ ላይ አድርገን ጠጠር አንድ በአንድ እየጫንን ቆጠርን። የደረቀው ብዙ ተሸከመ፣ የጠገበው ቶሎ ወረደ። ቆጠራ፣ ማወዳደር፣ «ለምን?» ማለት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ያ ልጅም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ አለው፤ ልጆቹ ስለ ውሃ ሲከራከሩ እኔን ሳይሆን እሱን ነው የሚጠይቁት።

ከዚያ «እምቦጭስ ለምን አይሰምጥም?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣና ላይ የታየውን ይህን አረም እነሱ ከተወለዱ ጀምሮ ሲወራ የሚሰሙት ነው። ያበጠውን የቅጠሉን እጀታ ሰንጥቄ አሳየኋቸው። «ይኸም አየር በልቷል!» አሉ። ይህ ሁሉ ጨዋታ ሳፋ ላይ ብቻ ነው፣ እኔም አጠገባቸው ሳልነሣ። ሐይቁ ዳር ሄዶ መሞከር የለም፤ ይህን በየጊዜው አስደግማቸዋለሁ፣ ለወላጆችም እናገራለሁ።

ከምሳ በፊት ሲደክማቸው እንቆቅልሽ እንጫወታለን። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ለመባባል የሚያስፈልገው አፍ ብቻ ነው። የታወቁትን ከጨረስን በኋላ ራሳቸው እንዲፈጥሩ እጠይቃለሁ፣ ይኼ ከባድ ነው፤ አንድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በጠባዩ መግለጽ አለባቸው። ከሳፋው ሳምንት በኋላ አንዲት ልጅ «ውሃ ላይ ይተኛል፣ ሲጠግብ ፀሐይ ይሞቃል» አለችን። ግማሹ ክፍል «አዞ!» አለ። «አገር ስጡኝ» ብላ ጎንደርን ከተቀበለች በኋላ ነው «ታንኳ!» ያለችን።

ለቁጥር የእንቁላል ካርቶን አለን። ሠላሳ ጉድጓድ ስላለው በሁለት መስመር አምስት አምስት አድርጌ ስቆርጠው ከአንዱ ሦስት ባለ አሥር ሰሌዳ ይወጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ከካርቶን የሠራነውን ዳይ እየጣሉ ባቄላ ይሞላሉ፤ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። እኔ በየመሀሉ እያለፍኩ «ስንት ጎደለሽ?» ብቻ እላለሁ። «ሰባት አለኝ፣ ሦስት ጎደለኝ» ትላለች ጉድጓዱን አይታ። የመደመር ምልክት ገና አላየችም። ገበጣ የሚችሉት ደግሞ ደጅ መሬት ቆፍረው ይጫወታሉ፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ መሄድ ራሱ ቆጠራ ነው፣ እጅና አፍ እኩል እንዲሄዱ ያስተምራል።

ፊደል ላይ ልጨርስ፣ አሁን ክፍላችን ያበደበት ጨዋታ እሱ ነውና። ፊደላችን እግር አለው። በ ሁለት እግሮች አሏት፣ ልጅም ሁለት እግር አለው። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው ፊደል ይሆናሉ። አንዱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባውን ወደ ክፍሉ አድርጎ ይቆማል፤ ፊቱን ወደ እኛ ካዞረ ቀኝና ግራው ይገለበጥብናል። ዝም ብሎ ከቆመ «በ» ነው። ቀኝ እጁን ወደ ጎን ከዘረጋ «ቡ»። ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ካወጣ «ቢ»። ግራ እግሩን ካነሣ «ባ»፣ የሷ ግራ እግር አጭር ነውና። ከሣር የተጠቀለለ ቀለበት ቀኝ እግሩ ላይ ካስገባን «ቤ»። ቀኝ እግሩን ካነሣ «ቦ»። «ብ» ላይ ምን እናድርግ ብለን ተማክረን ግራ ክርናችንን ማጠፍ መረጥን። ሰ እና ሸም በዚሁ ይሄዳሉ። ባን ከቦ የማይለይ ልጅ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲንገዳገድ የትኛው እግር እንደተነሣ ሰውነቱ ይነግረዋል። ደብተር ላይ ስንት ጊዜ ገልብጠው ያልያዙትን እዚህ ይይዙታል። ደጅ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞውን ሰባት ቤት አድርገን ከበ እስከ ቦ እየጠሩ ይዘሉበታል።

ባለፈው አንዷ «ቲቸር፣ ጠስ? ሦስት እግር አላት!» አለችኝ። «እናንተ ንገሩኝ» አልኳቸው። ሲጨቃጨቁ ቆዩና ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው የመሀል እግሮቻቸውን በመሐረብ አሰሩ፤ ሦስት እግር ሆኑ፣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «ጡ» ቀላል ሆነች፣ የቀኙ ልጅ እጁን ዘረጋ። «ጣ» ላይ ግን የግራና የመሀል እግር አጥረው በቀኙ ብቻ መቆም አለ። ሞክረው ተያይዘው ወደቁ። መሐረቡን ፈቱት። ትልቁ ትንሿን አዝሎ አንድ እግሩን አነሣ፣ ከጀርባው ሆና «ጣ! ጣ ነን! ቶሎ አንብቡን፣ ሊጥለኝ ነው!» እያለች ትጮሃለች።