ህንድኛ ፍለጋ ቼናይ ድረስ

በአገራችን ሰው አንደበት የህንዶች ቋንቋ ስሙ አንድ ነው፤ ህንድኛ። ልጆች ሆነን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን የህንድ ፊልም ስናይ ተዋናዩ የሚናገረው ህንድኛ፣ የሚዘፍነውም ህንድኛ ነበር። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ቼናይ እንደምሄድ ባወቅሁ ጊዜም ከሻንጣዬ በፊት ያሰብሁት ህንድኛ መማርን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ቁጥሩን፣ ሰላምታውን፣ የዋጋ መጠየቂያውን አጠናሁ። ያጠናሁት ሂንዲን ነበር። ቼናይ የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ከተማ መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን ህንድ ውስጥ እስካለች ድረስ ህንድኛ ይበቃታል ብዬ ደመደምሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከማደሪያችን በር ፊት ለፊት አትክልት ወደምትሸጥ ሴት ሄድሁ። አንድ ራስ ሽንኩርት አንስቼ «ፕያዝ ኪትኔ ካ?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። «ሂንዲ ተሪያዱ፣ ተምቢ» አለችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። «ሂንዲ አላውቅም፣ ወንድምዬ» ማለቷ ነው። «ተምቢ» ታናሽ ወንድም ነው፤ ታላቅ እህት ደግሞ «አካ» ትባላለች። ሽንኩርት በእሷ ቋንቋ ቬንጋያም፣ ቲማቲም ታካሊ ይባላሉ። የሦስት ወር ጥናቴ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አልገዛልኝም። በጣቴ እያመለከትሁ ገዝቼ ሄድሁ።

ይህን እንደ ቀላል ነገር አልፌው ነበር። ዋናው ስህተቴ የወጣው ከአራት ወር በኋላ፣ በትምህርት ክፍላችን ሴሚናር ላይ ነው። ብዙ ቋንቋ ያላት ህንድ የጋራ ቋንቋዋን እንዴት እንደ መረጠችና ኢትዮጵያ ከዚያ ምን እንደምትማር የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «የህንድ ብሔራዊ ቋንቋ ሂንዲ ነው» ይላል። መምህሬ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡና «ከየትኛው አንቀጽ ነው ያገኘኸው?» አሉኝ። አንቀጽ አልነበረኝም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ስለማምን ሕገ መንግሥቱን ከፍቼ አላየሁም። ጽሑፉን እዚያው አቆምሁት።

ሥራውን እንደ አዲስ ስጀምር ሌሎች የጻፉትን ትንታኔ ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ሕገ መንግሥቱን ብቻ ያዝሁ። አንቀጽ 343 በዴቫናጋሪ ፊደል የሚጻፈው ሂንዲ የኅብረቱ መንግሥት ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው ይላል። ብሔራዊ ቋንቋ አይልም፤ ያን ስም ለየትኛውም ቋንቋ አልሰጠም። የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2010 ይህንኑ አመልክቷል (ካልገለጽሁ በስተቀር ዓመታቱም ቀናቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ህንዶች ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል አላቸው። «ራጅባሻ» መንግሥት ሥራውን የሚሠራበት ቋንቋ ነው፤ «ራሽትራባሻ» አገር ራሷን የምትጠራበት። ሻይ ቤት ውስጥ ሲከራከሩ የሰማኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳያውቁት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነጋገሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው በዚህ ጉዳይ ስጠይቅ አስቀድሜ ስለ የትኛው እንደምንናገር እስማማለሁ። ከተማርሁት ሁሉ ለሥራዬ እጅግ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሕገ መንግሥት ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አነበብሁ። ወረቀት እንዲህ ይሞቃል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ጉባኤው በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1946፣ ዱሌካር የተባሉት አባል ሂንዱስታኒ የማያውቅ ሰው በህንድ ለመኖር መብት የለውም ብለው ተነሡ። ከማድራስ (ቼናይ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) የመጡት ክሪሽናማቻሪ በ1948 ሲመልሱ የሰሜን ወዳጆቻቸው ሙሉ ህንድን ወይም የሂንዲ ህንድን ይምረጡ አሉ። ጋንዲ የደገፉት፣ በዴቫናጋሪም በኡርዱም ፊደል የሚጻፈው የመንገድ ቋንቋ ሂንዱስታኒ፣ አገሪቱ በ1947 ስትከፈል ደጋፊ አጣ። ከመስከረም 12 እስከ 14 ቀን 1949 በተደረገው የመጨረሻ ክርክር ደግሞ ረጅም ሰዓት የወሰደው የቁጥሮች መልክ ነው፤ የዴቫናጋሪው አኀዝ ይሁን ወይስ ዓለም የሚጠቀምበት? ያን ሳነብ አንድ ሌሊት ተኝቼ ማሰብ ነበረብኝ። ሰው ስለ አኀዝ ቅርጽ ይህን ያህል የሚታገለው ከበስተኋላው ሌላ ነገር ስላለ ነው። ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ሒሳብ የሚይዘው፣ ቀጥሮ የሚያሠራው ማን ይሆናል የሚል ጥያቄ ነበር።

በመጨረሻ ሂንዲ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆኖ እንግሊዝኛ ለ15 ዓመት፣ እስከ ጥር 26 ቀን 1965፣ እንዲቀጥል ወሰኑ። በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ዝርዝር 14 ቋንቋዎች ተመዘገቡ፤ ዛሬ 22 ደርሰዋል። በዚያው ክርክር ላይ ጃይፓል ሲንግ ተነሥተው የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች፣ ሙንዳሪና ጎንዲ ጭምር፣ እንዲገቡ ጠየቁ። እኒህ ሰው በ1928 ኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣው የህንድ ሆኪ ቡድን አምበል ነበሩ። ሳንታሊ በ2003 ማሻሻያ ገባ፤ ሙንዳሪና ጎንዲ እስከ ዛሬ በር ላይ ናቸው።

ወረቀቱ ብቻውን እንደማይበቃኝ ግን ሽንኩርቱ አስተምሮኛል። ታሚልኛ ለማንበብ ቆረጥሁ። እዚህ ላይ የረዳኝ የኔታ ያስቆጠሩኝ ፊደል ነው። የታሚል ፊደል እንደ እኛው ድምፀ ተነባቢው ከአናባቢው ጋር ተዋሕዶ ይጻፋል፤ 18 ተነባቢ በ12 አናባቢ ሲባዛ 216 ይሆናል፤ ብቻቸውን የቆሙት ሲጨመሩ 247 ፊደል። ትልቅ ወረቀት ላይ እንደ ሀ ሁ ሂ ገበታ በመስመር አሰመርሁና ከአልጋዬ በላይ ሰቀልሁት። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለው፤ «ኬ» ሲሉ የአናባቢው ምልክት ከተነባቢው በፊት ይጻፋል፤ ዓይን ቀድሞ ያየውን አፍ ወደ ኋላ ማቆየት አለበት። ካ እና ጋም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው ቦታቸው ነው። በስድስተኛው ሳምንት ከአትክልት መደቡ ላይ ቲማቲሙ ውስጥ የተሰካችውን የካርቶን ቁራጭ ፊደል በፊደል አነበብሁ፤ ታ-ካ-ሊ። «ሰሪ፣ ተምቢ!» አለችኝ አካ፤ ትክክል ነው ማለቷ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች ያወሩኝ ጀመር።

ካወሩኝ አንዱ በንባብ ቤት የተዋወቅኋቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ታሚሎች ሽማግሌ ሰውን «አያ» ይላሉ፤ እኔም ያን ቃል ከአገሬ ይዤው ስለ ሄድሁ ለመጥራት አልተቸገርሁም። አያ በ1965 በማዱራይ የኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። ታሪኩን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በ1938 የማድራስ መንግሥት መሪ የነበሩት ራጃጎፓላቻሪ በግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሂንዲን በግዴታ ባስገቡ ጊዜ በተነሣው ተቃውሞ ናታራጃንና ታላሙቱ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ታስረው ሞተዋል። በጥር 1964 ቺናስዋሚ የተባለ ወጣት በቲሩቺራፓሊ ራሱን አቃጠለ። በ1965 ቀነ ገደቡ ሲደርስ ግዛቱ በተማሪዎች ተናወጠ፤ መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር 70 ገደማ ነው።

አያ የነገሩኝ ግን መጽሐፉ ያላለውን ነው። «የሂንዲ ዘፈን እንወድ ነበር» አሉኝ። «ያስነሣን ፈተናው ነው። የማዕከላዊ መንግሥት ሥራ የሚገኘው በፈተና ነው። እኔ በተማርሁት ቋንቋ ስፈተን፣ ሌላው ልጅ እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ይፈተናል። ሃያ ዓመት ቀድሞኝ ተነሥቷል።» ቀጥለውም በ1963 የወጣውን የቋንቋ ሕግ አነሡ። ሕጉ እንግሊዝኛ ከ1965 በኋላ «ሊቀጥል ይችላል» ይላል፤ የደቡብ ሰዎች «ይቀጥላል» ይባልልን አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው አረጋገጡ። በዓመቱ ኔህሩ ሞቱ፤ ቃሉ ብቻውን ቀረ። ከደሙ በኋላ ተተኪያቸው ሻስትሪ በሬዲዮ የኔህሩን ቃል እንደሚያከብሩ ተናገሩ፤ በሕግ የተጻፈው ግን በ1967 ማሻሻያ ነው። ታሚል ናዱ በ1968 ሂንዲን ከትምህርት ቤቶቹ አውጥቶ ታሚልኛንና እንግሊዝኛን ብቻ ያዘ። የሰው ቃል ከሰውየው ጋር እንደሚቀበር ያን ዕለት ገባኝ፤ በጽሑፌም ውስጥ ንግግርና ሕግን በአንድ መደብ ማስቀመጥ አቆምሁ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቀረኝ። ለሂንዲ የሚከራከሩ ሰዎች ዋና ምሰሷቸው ብዛት ነው። የ2011 የሕዝብ ቆጠራ 43.6 በመቶው ሕዝብ የአፍ መፍቻው ሂንዲ ነው ይላል፤ ታሚልኛ 5.7 በመቶ ነው። የታሚሎቹ መሪ አናዱራይ በፓርላማ ለዚህ መልስ ሰጥተው ነበር፤ ብዛት ዳኛ ከሆነ ብሔራዊ ወፋችን ፒኮክ ሳይሆን ቁራ በሆነ ነበር አሉ። እኔ ግን ስለ ቁጥሩ የተማርሁት ከክፍል ጓደኛዬ ነው። በሰሜን ያለችው የቢሃር ግዛት ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር በሂንዲ ያወራል። አንድ ማታ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር አዳመጥሁ፤ ከአሥር ቃል ሁለቱን እንኳ አልያዝሁም። ቦጅፑሪ ነበር። «በቆጠራው ምን ተብላችሁ ተመዘገባችሁ?» አልሁት። «ሂንዲ» አለኝ። ገብቼ አየሁት። በሂንዲ ድምር ውስጥ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ የቦጅፑሪ፣ 25 ሚሊዮን የሚሆኑ የራጃስታኒ ተናጋሪዎችና ሌሎችም አሉ። ሂንዲን ራሱን ብለው ያስመዘገቡት ብቻ ሲለዩ 26.6 በመቶ ይቀራሉ። የደቡቡ ሰው ጮኾ ቋንቋውን አዳነ። የቢሃሩ እናት ቋንቋ ግን ያለ ጩኸት በታላቅ ወንድሙ ስም ተቆጠረ። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ሁሉ ሰሜንና ደቡብን አፋጥጦ ይቆማል፤ እኔ ግን የከበደኝ ይሄኛው ነው፤ እስካሁንም ይከብደኛል።

ይህን ሁሉ ሳነብ የራሴ ነገር ዝም አላለኝም። ቼናይ ውስጥ ያለን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስንሰበሰብ የምናወራው በአማርኛ ነው። የአፍ መፍቻዬ ስለሆነ እንዴት አማርኛ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አንድ እሑድ ሽሮ እየሠራን ሳለ የወለጋ ልጅ የሆነውን ጓደኛዬን ጠየቅሁት። ማማሰያውን ይዞ ትንሽ ዝም አለ። «አማርኛን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬ ነው የመጣሁልህ። አንተ ወደ እኔ በየትኛው ክፍል መጣህ?» አለኝ። ቅሬታ በድምፁ ውስጥ አልነበረም፤ በቁም ነገር ነው የጠየቀኝ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና አላቸው፤ አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው ይላል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን ለመጨመር መወሰኑንም በዜና ሰምቻለሁ። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የጓደኛዬን ጥያቄ ግን መመለስ አልቻልሁም። ሂንዲ ተናጋሪው የጉባኤ አባል ዱሌካር ያን ቃል ሲናገሩ ምን ያህል ልበ ሙሉ እንደነበሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቋንቋህ በየበሩ ላይ ተጽፎ ካደግህ በሩ ለሌላው ዝግ መሆኑን አታይም። ያን ሳምንት ከወለጋው ጓደኛዬ ዘንድ አፋን ኦሮሞ ጀመርሁ፤ በሳምንት ሁለት ማታ፤ እስካሁን አላቋረጥሁም።

ሁለተኛውን ጽሑፌን ያቀረብሁት በዓመቱ ነው። ከኪሴ የመቶ ሩፒ ወረቀት አውጥቼ ጀመርሁ። በፊቱ ሂንዲና እንግሊዝኛ፣ በጀርባው በአንድ ዓምድ 15 ቋንቋዎች፤ አንድ ዋጋ 17 ጊዜ ተጽፎበታል። ያልሁት ይህንን ነው። ህንድን አንድ ላይ ያቆያት ጥያቄውን ክፍት አድርጋ መያዟ ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሊዘጋው የሞከረ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ፖቲ ስሪራሙሉ በ1952 ለተሉጉ ተናጋሪዎች ግዛት ጾመው ከሞቱ በኋላ ኔህሩ የአንድራን ግዛት ፈቀዱ፤ በ1956 ግዛቶች በቋንቋ ተዋቀሩ፤ አገሪቱም ትፈርሳለች የተባለውን ያህል አልፈረሰችም። በ2019 የፖስታ ቤት የቅጥር ፈተና በእንግሊዝኛና በሂንዲ ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ የታሚል ናዱ እንደራሴዎች ምክር ቤቱን ስላስጨነቁ ተሰረዘ። የአያ ፈተና ከ54 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ማሃራሽትራ ሂንዲን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለማስተማር ያወጣውን ትእዛዝ በተቃውሞ ብዛት አነሣ። የግዛቱ ቋንቋ ማራቲና ሂንዲ አንድ ፊደል እንደሚጋሩ እዚህ ላይ መታወስ አለበት። መምህሬ በዚህ ጊዜ አላቋረጡኝም። ሲያልቅ የጠየቁኝ ስለ ቦጅፑሪ ነው፤ ለዚያም በቂ መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ወደ አትክልት መደቡ ሄድሁ። ከፊቴ ሁለት ወጣት የግንባታ ሠራተኞች ቆመዋል፤ ቼናይን ዛሬ የሚገነቧት ብዙዎቹ ከቢሃርና ከአጎራባቾቹ የመጡ ናቸው። አንዱ «አካ፣ ቬንጋያም ኤቭላቩ?» አለ፤ ሽንኩርት ስንት ነው ማለቱ ነው፤ ታሚልኛው የተሰባበረ ነው። እሷ ዋጋውን በሂንዲ ነገረችው። ስልኬ ላይ ያጠናኋቸው ቁጥሮች ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ «አካ፣ ሂንዲ ታውቂያለሽ እንዴ?» አልኋት።

«ከእነሱ ነው የለቀምሁት፤ እነሱም ከእኔ» አለችኝ፤ ግማሽ ኪሎዬን እየመዘነች። «በአንተ አገር ይሄን ምን ትሉታላችሁ?»

«ሽንኩርት።»

የገንዘቤን መልስ በመዳፌ ላይ እየቆጠረች ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ታሚሎች በቃል መጨረሻ ላይ «ኡ» ያክላሉ፤ «ሺንኩርቱ» አለች።