ከኪሴ የማትለየው ካሜራ

ጉዞ ስወጣ ትልቁን ዲጂታል ካሜራ ቤት መተው ከጀመርኩ ቆየሁ። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩት ሰዎች ወይ ይስተካከላሉ ወይ ፊታቸውን ያዞራሉ። ኦሊምፐስ ኤክስኤ የምትባለውን ትንሽ የፊልም ካሜራ ስይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መዳፍ ውስጥ ስለምትገባ ልብ የሚላት የለም። እኔም ከሰው ጋር ወሬዬን ሳላቋርጥ ፎቶ አነሳለሁ።

ገበያ ላይ የዋለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የነደፏት ጃፓናዊው ዮሺሂሳ ማይታኒ ናቸው። እኚህ ሰው ምን ያህል እንዳሰቡበት የሚገባኝ ክዳኗን ስከፍት ነው። በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ሌንሱ ይገለጣል፤ ካሜራዋም ለሥራ ዝግጁ ትሆናለች። ስመልሰው ሁሉም ነገር ተዘግቶ ኪስ ይገባል። የሚጠፋ የሌንስ ክዳን የለ፣ የካሜራ ቦርሳ የለ! ባለ 35 ሚሊሜትሩ ሌንስ ፎከስ ሲደረግ (ምስሉ ጥርት እንዲል ሲስተካከል) እንኳ ወደ ውጭ አይወጣም። የሚንቀሳቀሰው እዚያው ውስጥ ነው።

ፎከስ ማድረጉን በጣም እወደዋለሁ። በመመልከቻው መሃል አንድ ፊት ሁለት ሆኖ ይታያል። ከሌንሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ቀስ አድርጌ ሳንቀሳቅስ ሁለቱ ይቀራረቡና ልክ አንድ ላይ ይገጥማሉ። በቃ፣ ቀዩን ቁልፍ ነካ ማድረግ ነው። ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ መጠን እኔ እመርጣለሁ፣ ብርሃኑ የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት ማለትም ፍጥነቱን እሷ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለመንገደኛ ይመቻል። ሁሉን ራሱ በሚወስን ካሜራ ሳነሳ ፎቶው የኔ አይመስለኝም፤ ሁሉን በእጅ ማስተካከል ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ያየሁትም ነገር ያመልጠኛል።

ቀዳዳው እስከ መጨረሻው፣ ማለትም እስከ 2.8 ሲከፈት የፎቶው ጥጎች ጠቆር ይላሉ። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዓይን ወደ መሃል እንዲሄድ ያደርጋል። ባትሪ ካለቀባት ግን ጨርሶ አታነሳም። ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ለጉዞ የምመርጠው ባለ 400 ፊልም ነው (ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚቀበል ይናገራል)፤ ቀንም ጥላ ውስጥም ይሠራል። ዋናው ጥንቃቄ ኤርፖርት ላይ ነው። ያልታጠበ ፊልም ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ እዚያ ያለው ኤክስሬይ ከባድ ነው። አሁን ለእጅ ሻንጣም እየተስፋፉ ያሉት ሲቲ ስካነር የሚባሉት መፈተሻዎች ፊልም ያበላሻሉ። ስለዚህ ፊልሞቼን ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ለብቻቸው አድርጌ፣ ቀደም ብዬ እደርስና በእጅ እንዲፈትሹልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።