እሳቱን ወደ ውስጡ ያስገባ ሰው

ስለ ሂንዱ ሽማግሌዎች ምናኔ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ብርቱካናማው ልብስ ነው። ነገሩ ያለው ግን እሳቱ ላይ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ባለትዳር ጠዋትና ማታ መሥዋዕት የሚያቀርብበት እሳት ቤቱ ውስጥ ይጠብቃል። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ የሕግ መጽሐፍ 6ኛ ምዕራፉ ላይ መውጫውን በዕድሜ አይቆጥርም፤ ቆዳው ሲጨማደድ፣ ጠጉሩ ሲሸብት፣ የልጅ ልጅ ሲያይ ጫካ ይግባ ይላል። ሚስቱን ለልጆቹ አደራ ይሰጣል ወይም ይዟት ይሄዳል። ቫናፕራስታ የሚባለው ይህ፣ ከአራቱ የሕይወት ደረጃዎች ሦስተኛው፣ ግማሽ መንገድ ነው፤ እሳቱን ከነዕቃው ተሸክሞ ነዋ የሚወጣው። ያጠራቀመውን እህልና አሮጌ ልብሱን ግን በዓመት አንዴ፣ በአሽዊን ወር (መስከረምና ጥቅምት ግድም)፣ ይጥላል።

አራተኛው ሳንያሳ፣ ሙሉው ምናኔ፣ ነው፤ እዚህ ላይ ይቆርጣል። ሀብቱን ያከፋፍላል፤ እንደኛ አገር የቁም ተዝካር የራሱን የሙታን ሥርዓት በሕይወቱ ይፈጽማል፤ ቁንጮውን ይላጫል፤ ከትከሻው የወረደውን የተቀደሰ ክር ያወልቃል። እሳቱን ደግሞ በጸሎት ወደ ውስጡ ያስገባዋል።

ከዚያ ወዲያ ማብሰል የለም፤ ይለምናል። በቀን አንዴ፣ ያውም የማድ ቤቱ ጭስ ሲጠፋ፣ ሙቀጫው ዝም ሲል፣ ፍሙ ሲከስም፣ ሰው በልቶ ሳህኑ ሲነሣ። እንዲህ ሲሆን የሚደርሰው ትርፍራፊ ብቻ ነው፤ ለእሱ ብሎ ድስት የሚጥድ አይኖርም። መለመኛው ቅል፣ እንጨት ወይም ሸክላ እንጂ ብረት አይደለም። ሲሞትም እንደ ሌላው ሂንዱ አይቃጠልም፤ ይቀበራል ወይም ወንዝ ውስጥ ይገባል።

ማኑ ሦስት ዕዳ ሳይከፍል የመነነ ይወድቃል ባይ ነው፦ ቬዳ (ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍቱን) መማር፣ ልጅ መውለድ፣ መሥዋዕት ማቅረብ። ጃባላ ኡፓኒሻድ የሚባለው ሌላው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ግን ልብህ በቆረጠበት ቀን ውጣ ይላል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

አሁን ጫካ የሚገባ ጥቂት ነው፤ ብዙው እዚያው ቤቱ ሆኖ ይለያል። አማት ከሳሪዋ ጫፍ የተቋጠረውን የቁልፍ ዘለላ ፈትታ ለምራቷ ትሰጣለች። የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ ቁልፉ ይሄድና ትእዛዙ ይቀራል፣ በማግስቱ «ጨው በዝቷል» ይመጣል። የባሰው ደግሞ ቤቱን ያለ አንዳች ቃል በልጅ ስም ማዞር ነው። የ2007 እ.ኤ.አ. የሕንድ የወላጆች ጥበቃ ሕግ፣ ልጁ አልጦርም ካለ ስጦታውን ማስሻር ይፈቅዳል፤ የመጦሩ ግዴታ ግን ስጦታው ሲሰጥ የተያያዘ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ማስጻፍ ነው።