ሁለት ባለ 1 ሴን

የዛሬ ከሰዓት በኋላዬ ሙሉውን በሁለት ትንንሽ ወረቀቶች አለቀ። ሁለቱም የጃፓን የቀረጥ ቴምብሮች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ 1 ሴን (የጃፓን ሳንቲም፣ የየን አንድ መቶኛ)። አንድ ዓይነት መስለውኝ ለወራት አንድ ገጽ ላይ አስቀምጫቸው ነበር።

ጃፓን ደረሰኝና ውል ላይ የሚለጠፍ ቴምብር የጀመረችው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ማተሚያ ሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ ቴምብር ለየብቻው በእጅ ይቀረጽ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ሰሌዳ የወጡ እንኳ መንትያ አይሆኑም። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው የአንዱ የጠርዝ መስመር ጥጉን ትንሽ አልፎ ሄዷል። የሌላኛው ሳይደርስ ቆሟል። የቀራጩን እጅ ያየሁት መሰለኝ!

አንዱ አሁንም ከደረሰኙ ቁራጭ ጋር ነው። ሁለተኛ እንዳይሠራበት ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ቀኑ ሜጂ 8 ይላል፤ ሜጂ በተባለው የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስምንተኛው ዓመት ማለት ነው። 1867 ሲደመርበት 1875 እ.ኤ.አ.። ቴምብሩን ነቅለውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር። እባካችሁ፣ ከሰነድ ላይ አትንቀሉ!

በወረንጦ አንስቼ ለየገጻቸው አስቀመጥኳቸው። ነገ የትምባሆ ቀረጥ ቴምብሮቹን እጀምራለሁ።