ዋጋችሁ ነው ያሠለጠነን

የእጅ ሥራ በሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። ከባሕር ዳር ዙሪያ ያሉ ሴቶች የሰፉትን መሶብ፣ ሙዳይና ሰፌድ ያመጣሉ፤ እኔ አይቼ፣ ለክቼ እረከባለሁ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ቢሮው «የስፌቱ ጥራት ወርዷል» አለ። እውነትም ወርዶ ነበር። እየተጠማዘዘ አንዱ በአንዱ ላይ የሚሰፋው ዙር ወፍሯል፤ አንዳንዱ መሶብ እንጀራ ሲቀመጥበት ይወላገዳል። መፍትሔ የተባለው ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወስፌ ከእጃቸው ላልወጣ ሴቶች ስለ ጥራት ሊያስተምር ነው!

ሰውየው ክፉ አልነበረም። «እናቶቼ፣ ገበያው እንዲህ ያለ ነው የሚፈልገው» ብሎ የአንድ ጥሩ መሶብ ፎቶ አሳየ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ፎቶውን ቆየት ብለው አዩና ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይኼን ስንት ትገዙታላችሁ?»

«ዋጋው እንደ ስፋቱ ነው፣ እማማ።»

«ወፍራሙንስ?»

«እሱም እንደ ስፋቱ ነው።»

«እንግዲያው እኛ ሠልጥነናል። ወፍራም ስፉ ብሎ ያሠለጠነን ዋጋችሁ ነው።»

ሴቶቹ «እውነታቸውን ነው» ተባባሉ። አሠልጣኙ «እንመለስበታለን» አለና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሥልጠናው እስኪያልቅ አልተመለሰበትም።

ስፌት የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ሰበዙ፣ ማለትም በዙሩ ውስጥ የሚገባው የሣር እስር፣ በግማሽ ሲቀጥን፣ ለዚያው ቁመት ዙሩ እጥፍ ይሆናል። ዙሩ ሲበዛ የሚጠቀለልበት ሣር፣ አክርማውም ይበዛል። አክርማ ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። ክረምቱ ሲወጣ ከመስክ በእጅ ይነቀላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ለአለላ፣ ለባለቀለሙ ጥለት፣ የሚሆነው ተለይቶ ቀለም ውስጥ ይቀቀላል። ሲሰፋም እንዳይሰበር ይርሳል። ያም መስክ ቢሆን አሁን እየታረሰ፣ ባሕር ዛፍም እየተተከለበት ነው። ለመንቀል የሚሄዱበት መንገድ ከዓመት ዓመት ይርቃል። ይኼ ሁሉ ድካም በእኛ ሜትር ላይ አይታይም። ሜትሩ የሚያውቀው የአፉን ስፋት ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እኚሁ እናት ከዘንቢላቸው አንዲት ሙዳይ አወጡ። ለልጃቸው ሰርግ የሰፏት ናት። «ንኪው» አሉኝ። ጣቴን ከታች ወደ ላይ አስኬድኩት፤ ዙሩ ከዙሩ አይለይም። የአለላው ጥለት በየዙሩ አንድ ስፌት ብቻ እየተገፋ ዞሮ መጥቶ ከመነሻው ጋር ይገጥማል። ክዳኑ ሲገጠም ደግሞ ሙጭጭ ነው የሚለው። ወፍራሙን መሶብ የሚያመጡልን እነዚሁ እጆች ናቸው። «ይቺን ጎረቤት ያያታል፤ የእናንተን ማን ያያል?» አሉኝ።

አባባላቸውን ሐረር ስሄድ አስታወስኩት። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚያ ግንብ ውስጥ ባሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ግድግዳው በስፌት የተሞላ ነው። እንግዳ ገብቶ ቁጭ ሲል መጀመሪያ የሚያየው የቤቲቱን ሴቶች እጅ ነው። እንዲህ የሚያይ ዓይን ባለበት ማንም ዙር አያወፍርም።

የሥልጠናው ሪፖርት «በስኬት ተጠናቋል» ይላል። የእኚያ እናት ጥያቄ ግን የለበትም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ችግሩ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በነጻ ነግረዋቸው ነበር እኮ።

እኔ በመረከቢያ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «በአንድ ጋት ስንት ዙር»። አራት ጣቴን ስፌቱ ላይ አስተኝቼ እቆጥራለሁ። ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ቤታቸው ቆጥረው መምጣት ጀመሩ። ዋጋው በዙር እንዲሆን ለቢሮው ጻፍኩ፣ ደግሜም ጻፍኩ። ለሙዳይ ተፈቀደ። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመጣው ሙዳይ ሌላ ሆነ፤ ማንም ማንንም አላሠለጠነም።

መሶብ ግን ሥራውን እስክለቅ ድረስ በሜትር ነበር የሚለካው። እኚያ እናትም ቀጭኑን ለሰርግ ቤት እየሸጡ፣ ወፍራሙን ለእኛ ማምጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም እየፈረምኩ ተረከብኳቸው።