ሦስት ነጥብ ብቻ

ስብሰባ ላይ ተከራክሬ፣ ያልኩት ሆኖልኝ፣ ተናድጄ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የካሪኩለም ክለሳ ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብወለድ ኮርስ ክሬዲት ሰዓቱ ስለተቀነሰ ከንባብ ዝርዝሩ አንድ መጽሐፍ መውጣት ነበረበት። ሰብሳቢያችን ቤታቸው ወስነው ነው የመጡት። የጄን ኦስተን «ኤማ» ትውጣ፣ የዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» ይቆይ።

ሰብሳቢውን እዚህ «ዶክተር» ልበላቸው። የቴፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር፣ ሰው ናቸው። ሰዋስው ላይ አይታሙም።

«ኤማ ውስጥ ምን ይፈጠራል?» አሉ። «አንዲት ሀብታም ልጅ ሰው ላጋባ ብላ ትለፋለች፣ አይሳካላትም፣ መጨረሻ ላይ ራሷ ታገባለች። ይኼ እኮ የሠርግ ወሬ ነው። አይቫንሆን እዩት። ጦርነት አለ፣ ታሪክ አለ፣ ንጉሥ አለ።»

እጄን አወጣሁ። ገና አፌን ከመክፈቴ ሰዓታቸውን አዩና፣ «እሺ፣ ግን አደራሽን አታርዝሚው። ሦስት ነጥብ ብቻ» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቃል?»

«ምንም የለም ዶክተር።»

«ኤማ»ን ያነበበ ሰው ለምን እንደሳቅኩ ገብቶታል። ላላነበበ ላስረዳ። ሚስ ቤትስ የምትባል ሴት አለች። የሟች ቄስ ልጅ ነች፤ አላገባችም፣ ድሃ ነች፣ ከአሮጊት እናቷ ጋር ፎቅ ላይ በተከራየችው ቤት ትኖራለች። ወሬዋ ማለቂያ የለውም። ቦክስ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ሽርሽር ወጥተው አንዱ ወጣት ጨዋታ ያመጣል፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ በጣም ብልህ ነገር፣ ወይም ሁለት መካከለኛ፣ ወይም ሦስት በጣም አሰልቺ ነገር ይናገር። ሚስ ቤትስ በራሷ ላይ ቀልዳ፣ «ሦስት አሰልቺ ነገር ለእኔ ምን ያቅተኛል፤ አፌን ስከፍት ይመጣልኛል» ትላለች። ኤማ ትቀበልና፣ ችግሩ ቁጥሩ መገደቡ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ ነው የሚፈቀደው ትላታለች። በሰው ፊት። ሚስ ቤትስ መጀመሪያ አይገባትም። ሲገባት ፊቷ ይቀላል። ከዚያ በኋላ የቤተሰቧ የቅርብ ወዳጅ ሚስተር ናይትሊ ኤማን ለብቻዋ ይዞ የሚወቅስበት ንግግር አለ፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሳነበው ተማሪ አይንቀሳቀስም።

እንግዲህ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ያን ቀን «ሦስት ነጥብ ብቻ» ብሎ ንግግር አይገድብም። ቢያንስ አራት ይል ነበር።

የመጀመሪያው ነጥቤ ራሷ ሚስ ቤትስ ነበረች። ኦስተን መጽሐፉ ውስጥ ትልቅ ሚስጥር ቀብራለች፤ ያ ጨዋታውን ያመጣው ወጣት፣ ፍራንክ ቸርችል፣ እና የሚስ ቤትስ የእህት ልጅ ጄን ፌርፋክስ በድብቅ ተጫጭተዋል። ማንም አያውቅም። ፍራንክ አንድ ቀን ፀጉሬን ልቆረጥ ብሎ ለንደን ይሄዳል። መንገዱ በአንድ ጉዞ 16 ማይል ነው፣ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ወዲያው ለጄን ላኪው ያልታወቀ ፒያኖ ከለንደን ይመጣል። ኤማ የጄንን ጉዳይ እንደምታውቅ ሆና የጄንን ጓደኛ ባል ትጠረጥራለች። እንደ ኤማ ያለ ብልህ ሰው ከጠረጠረ እኛስ ምን እናድርግ? አብረን እንጠረጥራለን። ተራኪው ስለ ኤማ በሦስተኛ መደብ ነው የሚያወራው፤ የምናየው ግን በኤማ ዓይን ነው። እሷ ስትታለል እኛም አብረን እንታለላለን፤ ማንም ዋሽቶን ግን አይደለም።

ፍንጩ ግን ሁሉ ፊት ለፊታችን ነበር። የት? ሚስ ቤትስ ወሬ ውስጥ! ያቺ ሴት መንገድ ላይ ሰው ይዛ፣ ፍራንክ ቤታቸው ቁጭ ብሎ የእናቷን መነጽር እየጠገነ እንደሆነ ትለፈልፋለች። አንባቢ፣ «ኧረ በቃሽ!» ብሎ ያልፋታል። ተመልሰው ሲገቡ አሮጊቷ አንቀላፍታለች፣ ፍራንክ መነጽሩ ላይ አቀርቅሯል፣ ጄን ጀርባዋን ሰጥታ ፒያኖው ላይ አተኩራለች። ሁለቱ እጮኛሞች ከተኛች አሮጊት ጋር ብቻቸውን ነበሩ ማለት ነው። ደራሲዋ እውነቱን የደበቀችው ማንም በማያዳምጣት ሴት አፍ ውስጥ ነው። ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ደግሞ ያላዳመጣችኋት እናንተ እንደሆናችሁ ታያላችሁ። ይኼ ነው የሠርግ ወሬ የተባለው።

ተማሪዎቼ ይኼን ፒያኖ ይወዱታል። አንዱ ከኋላ ወንበር፣ «ለፀጉር ቁርጥ ለንደን ድረስ? ነገር አለ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፍርሶት ያውቃል። ቴሌግራም ላይ ከሚዞረው ማጠቃለያ ይኼ አይገኝም፤ ፒዲኤፉን መክፈት ግድ ነው።

«አንድ ነጥብ ነው ይኼ ሁሉ?» አሉ ዶክተር።

ሁለተኛውን አሳጠርኩት። «ዶክተር፣ አይቫንሆን የጻፈው ሰውዬ ራሱ ከእርስዎ ጋር አይስማማም» አልኩ። ስኮት በ1816 እ.ኤ.አ. «ኤማ»ን በመጽሔት ገምግሞ አወድሷታል። ኦስተን ከሞተች በኋላ፣ በ1826፣ የእሷን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ቢያንስ ለሦስተኛ ጊዜ አንብቦ ለራሱ በሚይዘው የቀን ማስታወሻ ላይ የጻፈው ደግሞ ግልጽ ነው፦ ጩኸት የበዛበትን ትልልቅ ነገር እሱም እንደማንም ይችልበታል፤ ተራውን ሰው ተራ ኑሮ ላይ እያለ እንዲማርክ የሚያደርገው ረቂቅ እጅ ግን እሱ ጋ የለም።

ዶክተር ፈገግ አሉ። «ትሕትና ነው» አሉ።

ምን ይመለሳል? ለራሱ ብቻ በሚጽፈው ደብተር ላይ ማን ትሕትና ያበዛል? ሦስተኛው ነጥቤ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስለ «ጄን ኤር» ደራሲ ስለ ሻርሎት ብሮንቴ ነበር። እሷ ኦስተንን አትወዳትም ነበር፣ ጽፋዋለችም። ሁለቱን አንድ ላይ «የሴት ልብወለድ» ብለን ስናጉር ሁለቱንም አላነበብንም ልል ነበር።

ያኔ እስካሁን ስልኩ ላይ የነበረው የሥርዓተ ጾታ ተጠሪያችን ቀና አለ።

«ዶክተር፣ ኤማ ከወጣች ዝርዝሩ ውስጥ ሴት አይኖርም።»

«ሴት አለችማ! ቴስ አለች።»

ቴስ የቶማስ ሃርዲ ገጸ ባሕርይ ነች። ሁሉም ሰው ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

«የሚቆጠረው ደራሲ ነው፣ ዶክተር። ኦዲት ሲመጣ ይጠየቃል።»

ዶክተር «ኦዲት» ሲባል ሰሙ። ብዕራቸውን አነሱ። «እንግዲያውስ ኤማ ትቆይ፣ አይቫንሆ ይውጣ። ቀጣይ አጀንዳ።» አለቀ። እኔ ፒያኖ ስጎትት የቆየሁበትን ተጠሪው በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው መጣ፦ «የሥርዓተ ጾታ ተዋጽኦን ለመጠበቅ ሲባል ‹ኤማ› በዝርዝሩ እንዲቀጥል ተወስኗል።» ስለ ተራኪው የለም፣ ስለ ሚስ ቤትስ የለም፣ ስለ ስኮት የለም። የኦስተን የመጀመሪያ ልብወለድ በ1811 ሲታተም የርዕስ ገጹ ላይ ስሟ አልነበረም፤ «በአንዲት እመቤት የተጻፈ» ይል ነበር። የእኛም ቃለ ጉባኤ ከዚያ የበለጠ ስለ እሷ የሚያውቀው ነገር የለም። ጸሐፊውን፣ «ምክንያቱን አስተካክለው እንጂ» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። «የተወሰነው በዚያ ነው እኮ። ስለ ፒያኖው የተወሰነ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

ትምህርት ግን ወስጃለሁ። በኋላ ክሬዲቱ ሲመለስ የጆርጅ ኤልየትን «ሚድልማርች» ለማስገባት ስጠይቅ፣ በ1871 እና 72 በስምንት ክፍል ስለወጣው ስለዚያ ግዙፍ ሥራ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ዶሮቲያ ትዳር የለም፣ አንድን ጎበዝ ሐኪም ዕዳ እንዴት አድርጎ እንደሚበላው የለም። «ሴት ደራሲ ነች» አልኩ፣ ቁጭ አልኩ። ሳይከራከሩ አለፈ።

ከዚያ ተጠሪው ደወለልኝ። የኦዲት ቅጹ ተሞልቶ ዶክተርም ፈርመውበታል፦ ወንድ 3፣ ሴት 1።

«ሁለተኛዋ ሴት የታለች?»

«ጆርጅ ኤልየት። የብዕር ስም ነው፤ ሜሪ አን ኢቫንስ ነች።»

«እና ጆርጅን ወደ ሴት ላዙራት?»

«ተዋት» አልኩት። «አንዴ እንኳ በችሎታዋ ትቆጠር።»

«እኔ ቁጥር ይጎድለኛል» አለና ዘጋው። የመጨረሻው ሪፖርት እጄ ሲገባ አስተካክሎታል። ማንም እንዳይሳሳት ብሎ ደግሞ ማዕረግ ጨምሮበታል፦ «ወ/ሮ ጆርጅ ኤልየት»።