ፋብሪካው ባሕር ሲሻገር፦ የአሜሪካው ቲኤኤ እንዴት ይሠራ ነበር?

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የፈረሙት የንግድ ሕግ ታሪፍ የሚቀንስ ብቻ አልነበረም፤ በንግዱ መከፈት ሥራ ለሚያጡ ሰዎች ክፍያና ሥልጠናም ነበረው። ፕሮግራሙ ትሬድ አጀስትመንት አሲስታንስ፣ ባጭሩ ቲኤኤ ይባላል። መጀመሪያ ላይ መስፈርቱ ከመጥበቁ የተነሣ እስከ 1969 ድረስ ለአንድም ሠራተኛ አልተፈቀደም። የላላው በ1974 ሕግ ነው።

ማመልከቻውን ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ማኅበራቸው፣ አሠሪው ወይም የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛው በተቀነሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያስገቡ ነበር። የሚጸድቀው በጅምላ ለሠራተኞቹ ቡድን ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነበር፦ «ፋብሪካችን ጸድቋል» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ግን በስሙ ስቴቱ ዘንድ ማመልከት ነበረበት።

ትልቁ ወጥመድ 26ኛው ሳምንት ነበር። ቲኤኤ በሳምንት የሚከፍለው ገንዘብ የሚጀምረው አንኢምፕሎይመንት (ስቴቱ ለሥራ አጥ የሚከፍለው ገንዘብ) ሲያልቅ ነበር፤ አንኢምፕሎይመንት ደግሞ በአብዛኛው ስቴት ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። ታዲያ ሰው «እሱ ይለቅና ስለ ሥልጠና አስባለሁ» ይል ነበር። ለሥልጠና መመዝገቢያውም ፋብሪካው ከጸደቀበት ወይም ሰውየው ከተቀነሰበት፣ ከዘገየው ቀን ተቆጥሮ 26 ሳምንት ነበር። በጽሑፍ ካልተራዘመለት በቀር ገንዘቡ ቀረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የተሻለው፣ ብዙም ያልተወራለት የደመወዝ ማካካሻው ነበር። 50 ዓመት የሞላው ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ አዲስ ሥራ ሲይዝ፣ የድሮና የአዲስ ደመወዙ ልዩነት ግማሹ ለሁለት ዓመት ይከፈለው ነበር፤ ጣሪያው በጠቅላላው 10,000 ዶላር። በሰዓት 20 ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው በ15 ቢቀጠር በዓመት (2,080 ሰዓት) 10,400 ዶላር ይጎድለዋል። ግማሹ 5,200 ነው፤ በሁለት ዓመት 10,400 ይሆንና ጣሪያው 400ውን ይቆርጣል። የ55 ዓመት ልብስ ሰፊን እንደገና ኮሌጅ ከመላክ ይህ ይሻላል።

ከጁላይ 1፣ 2022 ወዲህ ግን አዲስ ማመልከቻ አይጸድቅም፤ ኮንግረስ ሕጉን አላደሰውም። ቀድሞ የጸደቀላቸው ብቻ ቀጠሉ።

ዛሬ የሚቀነስ ሰው ወደ አሜሪካን ጆብ ሴንተር (የመንግሥት የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ) ሄዶ «ዲስሎኬትድ ወርከር» (ከሥራው የተቀነሰ ሠራተኛ) በሚለው ይመዝገብ። ሥራው በንግድ ምክንያት መጥፋቱን አስረዳ አይሉትም፤ ነገር ግን እንደ ቲኤኤ ረጅም ሳምንታዊ ክፍያ የለውም። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 50 ሰው የሚያሰናብት መዝጊያ ሲያደርግ በአብዛኛው የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ጆብ ሴንተር መሄድ ነው፤ የመጨረሻዋን ቼክ መጠበቅ አያስፈልግም።